ከቃሊቲ ተነስቶ፦ ሙዚየምና ደሴት በትንሽ ብር

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ አደባባይ አካባቢ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ወደ መሀል ከተማ የሚወጣው ነው፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ሐዲዱ ያሰግጋል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ የሚወርደው ነው፤ ከመናኸሪያው «ሞጆ! መቂ! ዝዋይ!» የሚለውን የረዳቶች ጥሪ ተከትሎ ሻንጣውን፣ ዶሮውንና ልጁን ይዞ ይሯሯጣል። ሁሉም ጉዳይ አለው። ሥራ የሚገባ አለ፣ ለቅሶ የሚደርስ አለ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ አለ፣ እስረኛ የሚጠይቅ አለ። «ለጉብኝት ነው የወጣሁት» የሚል ሰው ግን እዚህ ቦታ ብዙ አይገኝም።

እኛ ለጉብኝት ነበር የወጣነው፤ ጎረቤቴ ጋሼ፣ የልጅ ልጃቸውና እኔ። ጋሼ ጉልበታቸውን በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አቃቂ ተወልደው አቃቂ ሲያረጁ ብሔራዊ ሙዚየምን ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይተውት አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ነገሩን የጀመረችውም እሷ ናት። ስቶክሆልም የምትኖር አክስቷ ፎቶ ትልክላታለች፤ አንዴ ጀልባ ላይ ሆና፣ አንዴ ከሙዚየም በር፣ አንዴ ጥድ ከሞላው ትንሽ ደሴት። ልጅቷ አክስቷ የከበረች መስሏት ነበር። አክስት ግን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ደመወዟን ለቤት ኪራይና ለቤተሰብ እየከፋፈለች የምትኖር ሴት ናት። «እንዴት ቻልሽው?» ስትባል «በአውቶቡስ ትኬቴ ነዋ!» አለች።

እውነቷን ነው። ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ እስከ 30 ሺህ የሚገመቱ ትልልቅና ትንንሽ ደሴቶች ባልቲክ ባሕር ላይ ተበትነዋል። ዩርጎርደን ወደሚባለው ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ የከተማው ትራንስፖርት አካል ስለሆነ፣ አውቶቡስ የተሳፈሩበት ትኬት እዚያም ይሠራል። ደሴቱ ላይ የቫሳ ሙዚየም አለ። ቫሳ የጦር መርከብ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1628፣ እኛ ዘንድ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው በነበረበት ዘመን፣ የመጀመሪያ ጉዞዋን እንደጀመረች ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ሰጠመች። 333 ዓመት ውኃ ውስጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1961 ተጎትታ ወጣች። እዚያው ደሴት ላይ ስካንሰን አለ። አርቱር ሀዜሊዩስ የሚባል ሰው የገበሬ ቤቶችንና የእጅ ባለሙያ ሱቆችን ከየአገሩ አስነቅሎ አምጥቶ እንደገና ያቆመበት፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሙዚየም ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። መግቢያቸው ርካሽ አይደለም። የአገሩ ሰው ግን ምሳውን ቋጥሮ፣ በሕዝብ መጓጓዣ ተሳፍሮ፣ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ እያየ ይችለዋል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አጭር ነበር። «እኛስ ከቃሊቲ ተነስተን የት እንሄዳለን?»

ጥያቄው ቁም ነገር ነው። ቃሊቲ ከተማው ጫፍ ላይ ስላለች ለጉብኝት የማትመች ትመስላለች። ነገር ግን የቀላል ባቡሩ የደቡብ ጫፍ እዚህ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚወስዱ መኪኖች መናኸሪያ እዚህ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ሙዚየሞቹ በሰሜን፣ ደሴቶቹ በደቡብ ናቸው። ከቦሌ ወይም ከሲኤምሲ የሚነሳ ሰው ደሴት ለማየት መጀመሪያ ከተማውን ማቋረጥ አለበት፤ የአቃቂ ሰው ግን መንገዱ ላይ ነው የሚኖረው።

በሐዲዱ ወደ ላይ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ይኸው የእኛ መስመር፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰውና ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የተከተለው ትንሽ ቆይቶ ነው። ሲከፈት ታሪፉ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ዛሬም ኪስ የማይጎዳ መጓጓዣ ነው፤ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። በመለዋወጫ እጥረት ብዙ ባቡሮች ስለቆሙ ጥበቃው ይረዝማል፣ ግፊያውም ይበዛል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ግርግር ካለፈ በኋላ መሳፈር ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጋሼ መቀመጫ አገኙ፤ ያ ብቻውን ቀኑን አሳመረው።

ሳሪስ አቦን አልፈን ወደ ንፋስ ስልክ ስንገባ ጋሼ በመስኮቱ እያዩ ያወራሉ። በልጅነታቸው ከአቃቂ ለገሃር የሚመጡት በምድር ባቡሩ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን አቃቂ ዋና ከተማው ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባት ጣቢያ ነበረች። «ጥሩምባውን ስንሰማ እንሮጥ ነበር» አሉ። «ከድሬዳዋ የሚመጣው ሰው ብርቱካን በመስኮት ይወረውርልን ነበር።» ልጅቷ ስልኳን አስቀምጣ ታዳምጣለች። ሙዚየሙ ገና ሳንደርስ ነው የተጀመረው።

ስታዲየም ወረድን። ከዚያ መስቀል አደባባይ በእግር ቅርብ ነው፤ አደባባዩ ዳርም የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን መግቢያ አይጠየቅበትም፤ የፈቀደ ሰው የቻለውን ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። በገንዘብ ረገድ የከተማው ቀላሉ ሙዚየም እሱ ነው፤ ለልብ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፎቶ ተሸፍኗል፤ ብዙዎቹ ለመታወቂያ የተነሡ ጉርድ ፎቶዎች፣ አብዛኞቹም የወጣት ፊቶች ናቸው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ጫማ፣ ገመድ ይታያል። «ወፌ ላላ» የሚባለው ሰቆቃ እንዴት ይፈጸም እንደነበር የሚያሳይ ምስልም አለ።

ጋሼ አንድ ፎቶ ፊት ቆመው ቀሩ። የሚያውቁት ሰው አልነበረም፤ ዕድሜው ግን የእሳቸው የያኔው ዕድሜ ነው። ልጅቷ ቀስ ብላ ተጠጋች።

«አባባ፣ ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ፋብሪካ ነበርኩ ልጄ። ሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ ፈረቃ ስንወጣ ተሰባስበን ነበር የምንሄደው። ማሽኔ አጠገብ የሚሠራ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ቀረ። ማንም የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።»

ይህን ታሪክ ከአሁን በፊት ለቤተሰባቸው ተናግረውት አያውቁም። እኔ ሙዚየም ለምን ያስፈልጋል የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር የማነሣው ይህን ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የማያወራውን እዚያ ያወራል።

በዚያው አካባቢ የአዲስ አበባ ሙዚየም አለ። የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ ቤት ነው፤ የሚያየው ሰው ትንሽ ቢሆንም የእንጨት ሰገነቱ ብቻ መምጣትን ያስመሰግናል። የድሮዋን አዲስ አበባ ፎቶዎች ሲያዩ ጋሼ ፊታቸው ተፈታ።

ከስታዲየም አራት ኪሎ በሚኒባስ ታክሲ ደረስን። ብሔራዊ ሙዚየም ለኢትዮጵያዊ የሚያስከፍለው ከውጭ ጎብኚ እጅግ ያነሰ ነው፤ መታወቂያ መያዝ ግን አይረሳ። ምድር ቤቱ ውስጥ ድንቅነሽ አለች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ የተገኘችው ይህች ፍጥረት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ የተገኘው የአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ልጅቷ ከመስታወቱ ጎን ቆማ ከራሷ ትከሻ ጋር አስተያየቻትና «እንዲህ ታንሳለች?» አለች። በዓለም ታዋቂ የሆነን ነገር ገጽ ለገጽ ሲያዩት መጠኑ ያስደንቃል፤ መጽሐፍ ይህን አያሳይም።

በአዘቦቱ ቀን ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጽም ለደኅንነቱ ተቆልፎ ይቀመጣል። ዋናው እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ሄዶ የተመለሰው በ2013 ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ሄዶ የቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለት ወር ያህል ለሕዝብ አሳይቶታል። ሰላም እ.ኤ.አ. በ2000 በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ በዕድሜ ድንቅነሽን ትበልጣለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። የፕራግ ሰው ሁለቱን ለማየት ሁለት ወር ብቻ ነበረው። የአቃቂ ሰው ቅጂዎቻቸውን ዓመቱን ሙሉ ለማየት የሚለየው አንድ ባቡርና አንድ ታክሲ ነው። ይህን ስናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም ኑ ብሎ ስላልጠራቸው ያልሄዱ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ምሳችንን የበላነው ስድስት ኪሎ ተማሪዎች ከሚበሉበት ሽሮ ቤት ነው። ቁርሳችን ደግሞ ከቤት የመጣ ዳቦና ሻይ ነበር፤ ውኃም ይዘናል። በእንዲህ ያለ ቀን ኪስ የሚያራቁተው የሙዚየሙ ትኬት ሳይሆን መንገድ ላይ የሚገዛው ለስላሳና በላዳ የሚደረገው አቋራጭ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። አንድ ሙዚየም ብቻ የሚያይበት ጊዜ ያለው ሰው ካለ ወደዚህ እንዲመጣ እመክራለሁ። ከደጃፉ ወደ ሰማይ የተጠማዘዘ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ፋሺስቶቹ ለሥልጣን ዘመናቸው መታሰቢያ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ቀና ብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

ቤተ መንግሥቱ የ1953ቱን የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አይቷል፤ ባለሥልጣናቱ ታግተው የተገደሉበት አዳራሽም እዚሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ከዚያ በኋላ፣ ቫሳ ከባሕር በወጣችበት በዚያው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ተቋሙ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር ሆነውለት ተመሠረተ። የንጉሡ መኝታ ክፍል፣ አልጋቸውና መታጠቢያ ቤታቸው እንዳለ ተጠብቋል፤ መስታወቱ ላይ ያ ጊዜ የተወው የጥይት ቀዳዳ ይታያል።

ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው። ልደትና ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞት። የሕፃን ማዘያው፣ የመጫወቻው፣ የእርሻው፣ የጋብቻው፣ የመቃብር ሐውልቱ ከየአካባቢው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ይህን የመሰለ አደራደር ብዙ ያስተምራል፤ የአፋሩና የኮንሶው፣ የጎንደሩና የሐረሩ ልጅ የሚታዘልበት አንቀልባ አንድ ሣጥን ውስጥ ሲታይ ንግግር አያስፈልገውም። ጋሼ የሸማኔው ዕቃ ጋ ሲደርሱ አስጎብኚው ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን አስረከባቸው። ድሩና ማጉ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ ማሽን ሲዞር ምን እንደተለወጠ፣ ክር ሲበጠስ ፋብሪካው ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት ይቋጠር እንደነበር በጣታቸው እያሳዩ አስረዱ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ደብተር አውጥተው ጻፉ።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ፒያሳ፣ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ነው፤ የተመረቀው የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ እኛም ለሌላ ቀን ተውነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ ድንቅ ቦታ ነው፤ ለትልቅ ቤተሰብ ግን መግቢያው ይከብዳልና ለተለየ ቀን ማጠራቀም ይሻላል። በአንድ ቀን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ለማየት የሚሮጥ ሰው የሚያስታውሰው ድካሙን ብቻ ነው።

አምስቱ የዝዋይ ደሴቶች

ደሴት ሲባል የእኛ ሰው ሐሳቡ ጣና ይደርሳል። ጣና ክብሩ የታወቀ ነው፤ ከአቃቂ ግን ሩቅ ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው። ዝዋይ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መኪናውም የሚነሳው ከቤታችን ደጅ ነው። የከተማው ስም ባቱ ነው፤ ረዳቶቹ እንደ ተሳፋሪው ሁለቱንም ይጠራሉ።

በሌላ ቀን ማልደን ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ሾፌሮቹን ጠየቅን፤ ማንም ሊያደርገው የሚገባ ነው። ቢሾፍቱ ሳይደረስ በስተቀኝ ዝቋላ ይታያል፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ፤ ጋሼ አማተቡ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂን አልፎ ባቱ መግባት ነው። የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ ያን ሁሉ የሚያጠጣው ሐይቁና ወንዞቹ ናቸው።

ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ የተኛ፣ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውኃ ነው። ስፋቱን ላየ ጥልቅ ይመስላል፤ ጥልቁ ቦታ ግን አሥር ሜትር አይሞላም። መቂና ከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ወጥቶ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ጥልቀት ስለሌለው ከማሳ ማጠጫና ከአበባ እርሻ የሚቀዳለት ውኃ ቶሎ ይታወቅበታል። እሱ ሲቀንስ ደግሞ አብጃታ ይብሳል።

ወደቡ ላይ የደረስነው ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ነው። አንድ ወጣት ጉልበቱ ላይ ጣውላ አጋድሞ ቆሮሶ ያርዳል። በግራ እጁ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ በቀኙ ቢላውን ከጅራቱ ወደ ላይ ሦስት ጊዜ ሲስበው ቅርፊቱ እንደ ብር ሳንቲም ይረጫል፤ ከዚያ ጎኑን ሰንጥቆ ሥጋውን ከአጥንቱ በአንድ ስበት ያነሣዋል። የሆድ ዕቃውን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውራል። ከኋላው አባ ኮዳዎች ተሰልፈዋል፤ ቁመታቸው ከልጅቷ ደረት ይደርሳል፣ አንዱም ሳይጋፋ ተራውን ይጠብቃል። ጉማሬ ከሩቅ ጀርባውን አሳየን። ዓሣ ለብለብ በዳቦ ከዚያው አጠገብ በላን፤ ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር አይገናኝም፣ ትኩስነቱም አይገናኝም።

ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮንም ይባላል። የጉዞው ከባዱ ወጪ እዚህ ነው። ጀልባ ለብቻ መከራየት እንደኛ ላለ ሰው አይቻልም፤ የሚቻለው ሌላ ተጓዥ ጠብቆ መጋራት፣ ወይም የደሴቱ ሰዎች ገበያ ውለው ሲመለሱ አብሮ መሳፈር፣ አለበለዚያም በበዓል ከምእመናኑ ጋር መሻገር ነው። ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም በምትከበርበት ዕለት መሄድ ለዚህ ይመቻል። እኛ ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ተጋራን። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይሰጡ የሚያሳፍሩትን እምቢ ማለት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣም ማለዳ መሻገር ይመረጣል።

ከአንድ ሰዓት በላይ በውኃ ላይ ተጓዝን። ሰንበት ተማሪዎቹ መዝሙር ያሰማሉ፣ ጋሼ ጀልባው ጠርዝ ላይ እጃቸውን አጥብቀው ይዘዋል፤ በሕይወታቸው ጀልባ ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ደሴቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው እርከኑ ነው። የደሴቱ ነዋሪዎች ዛዮች ይህን ኮረብታ በድንጋይ እርከን ደረጃ በደረጃ ከፋፍለው ለብዙ ትውልድ አርሰውታል፤ መሬት ጠባብ ስለሆነ አፈር እንዳይሄድባቸው ያላቸው ጥንቃቄ ከሩቅ ይታያል። የዛይ ቋንቋ ሴማዊ ነው፤ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። በጦርነት ዘመን ሸሽተው ውኃውን ምሽግ አድርገው፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየተመላለሱ፣ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ከዋናው ምድር ተለይተው ክርስትናቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ዛሬ ብዙዎቹ፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ወደ ዳርቻው ከተሞች ወጥተዋል።

አናቱ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በአገሬው ትውፊት፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሰደው እዚህ ደሴት ላይ 70 ዓመት አስቀምጠዋታል። ገዳሙ ያቆያቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም ለዚያ ትውፊት ምስክር ተደርገው ይታያሉ። አንድ አባት ገድል ከፍተው ሥዕሉን አሳዩን፤ ገጹን የሚገልጡት በሁለት ጣት ጫፍ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ነው። ቀይ ቀለሙ ዛሬ የተቀባ ይመስላል። እኛም መባችንን ሰጥተን፣ ጠላና ቆሎ ቀርቦልን ወረድን።

ስቶክሆልም ላይ ደሴት መሄድ የሚቀለው ሰው ስለከበረ አይደለም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ፣ ለደሴተኛውም ለጎብኚውም እኩል የሚያገለግል የሕዝብ ጀልባ ስላለ ነው። በሄድንበት ቀን ዝዋይ ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ አላገኘንም። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ መርሐ ግብሩ የታወቀ አንድ ጀልባ ቢመደብ የደሴቱ ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት፣ ተማሪው ትምህርት ቤት፣ የአቃቂ ቤተሰብም ደብረ ጽዮን በአንድ ትኬት ይደርሱ ነበር። በእኔ እምነት ለዚያ ሐይቅ ቱሪዝም ከየትኛውም ሎጅ ይልቅ የሚበጀው ይህ ነው።

አቃቂ ራሷ

ሁለቱን ጉዞ ጨርሰን ስንጫወት ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «አቃቂ ለምን ሙዚየም የላትም?»

የሚታይ ነገር ስለሌላት አይደለም። የጅቡቲ ሐዲድ ያለፈባት ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙበት የሬዲዮ ጣቢያ አቃቂ ነበር። ከከተማው የቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ እዚሁ ነበር።  አቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ አገሪቱ የመጀመሪያዋን የውኃ ኃይል ያመነጨችበት፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚሰጥ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ በቻይና ድጋፍ የታደሰ ጣቢያ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫው። ይህች አገር ፈረቃ፣ ካርድና ሠራተኛ ማኅበር ምን እንደሆነ ከተማረችባቸው ሰፈሮች ግንባር ቀደሟ አቃቂ ናት።

ስካንሰን የተጀመረው ሰው ሁሉ ፋብሪካ ገብቶ የእጅ ሥራ ሊረሳ ነው በተባለበት ሰዓት ነበር። እኛ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ሊረሳ ያለበት ሰዓት ላይ ነን። አሮጌው ማሽን ለቁራሌ ይሸጣል፣ መጋዘኑ ይፈርሳል፣ የሚያውቁት ሰዎችም አንድ በአንድ እየተለዩን ነው።

ስለዚህ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አንድ የቆመ መጋዘን ለዚህ ይስጥ። ፋብሪካዎቹ ከሚያስወግዱት ማሽን ከየዓይነቱ አንድ ያስቀሩ። የአቃቂ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ክበባት ጡረተኞቹን ጠርተው ይቅዱ። ይህን የምታነብ የአቃቂ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የአያትህን የፋብሪካ መታወቂያ፣ የአያትሽን የፈረቃ ካርድና የቆየ ፎቶ ከሣጥን አውጥታችሁ ማን የት እንደሆነ ከጀርባው በስክሪብቶ ጻፉበት፤ ቀጥሎ በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ አያታችሁን ይዛችሁ ባቡሩን ተሳፈሩ።